ከሼልቢ መቀመጫ ሥር የጠፋው ሽጉጥ

በሽጉጥ ቀልድ አላውቅም። ልጄ ሼልቢ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት ፈቃዱን እንድታወጣ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ፤ ሽጉጡን የገዛሁላትም እኔ ነኝ፤ ከፒክአፗ የሹፌር መቀመጫ ሥር የብረት ሳጥን በብሎን ያሰርኩላትም እኔው። ከእርሻችን እስከ ኮሌጇ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ቴክሳስ ውስጥ ከሰው ላም የሚበዛበት ቦታ ካለ የኛ ነው። ስልክ አይሠራም፤ ጎማ ቢፈነዳ የሚደርስልህ ቀበሮ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ለቅዳሜና እሑድ በዚያ መንገድ በማታ ብቻዋን ስትመላለስ እንቅልፍ ከየት ላምጣ?

የኮሌጁ ደንብ ግልጽ ነው። ፈቃድ ያለው ተማሪ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ መኪናው ይቆለፍ፣ መሣሪያው ከዓይን ይሰወር፣ በቃ። ጠፋ ከተባለ ግን ለግቢው ፖሊስ ወዲያው መናገር ግዴታ ነው። መጥፋቱን ደብቆ የተገኘ ተማሪ ይባረራል። ሼልቢ ነርስ ልትሆን የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት። ይህን ደንብ እንደ አባታችን ሆይ አስጠንቻታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደወለችልኝ።

“አባዬ፣ መኪናው አልነሳም አለኝ።”

“ባትሪው ነው። መብራት አጥፊ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?”

“አልቆጠርኩም።”

“እመጣለሁ። እንዳትነካኪው።”

ስደርስ ክፍል ውስጥ ነበረች። ትርፍ ቁልፍ ስላለኝ ከፈትኩና ባትሪውን ቀየርኩ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። እኔ ግን ካልነካካሁ የማልወድ ሰው ነኝ። ሽጉጡ ዘይት ተቀብቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። የሳጥኑን መክፈቻ ቁጥር አውቀዋለሁ። ተቆልፏል፤ ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ዓይኔን አላመንኩትም፤ እጄን ሰድጄ ዳበስኩ። ከብረቱ ቅዝቃዜ ሌላ ምንም የለም። ክው አልኩ። ሳጥኑ አልተሰበረም፤ ጭረት እንኳ የለውም። ስለዚህ የወሰደው ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወስዶም መልሶ ቆልፎታል። ማን? እኛ አገር ፒክአፕ ያለው ሰው የመንደር አህያ ነው፤ ሶፋ የሚያጓጉዝ ሁሉ ይዋሰዋል። ሼልቢ ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅም። የዶርም ጓደኛዋ ፍቅረኛ፣ ያ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ የሚያደርግ ልጅ፣ ታየኝ። ቀጥሎ የልጄን ሽጉጥ የያዘ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

ሼልቢ ከሕንፃው ወጥታ ወደኔ መጣች። ከስታለች፤ ሹራቧ ሰፍቷታል። ሌላ ቀን ቢሆን ምግብ የለም ወይ እዚህ አገር እላት ነበር።

“ሽጉጡ የት አለ?” አልኳት።

ባለችበት ቆመች። “ሳጥኑን ከፈትከው?”

“ከፈትኩት። ባዶ ነው። መኪናውን ለማን ነው ያዋስሽው?”

“ለማንም።”

“ታዲያ ሽጉጡ እግር አውጥቶ ሄደ?”

“አባዬ፣ ድምፅህን ቀንስ።”

አልቀነስኩም። እኔ ስናደድ የሚሰማኝ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ነው። በመኪና ማቆሚያው ጫፍ ትንሿን የኤሌክትሪክ ጋሪ እየነዳች የነበረችው የግቢው ፖሊስ ሮንዳ መሪዋን ወደኛ አዞረች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ የሰፊ ቤተሰብ እናት የምትመስል፤ ተማሪውን ሁሉ በስም ታውቃለች።

“ሰላም ነው ጌታዬ?” አለችኝ።

“ሰላም ነው፤ ባትሪ ስንቀይር ነው” አለች ሼልቢ ቀድማኝ።

ውሸት አልወድም፤ ያሳደግኳትም በውሸት አይደለም። “ሰላም አይደለም” አልኩ። “የልጄ ሽጉጥ ከሳጥኑ ጠፍቷል።”

ሼልቢ አመድ መሰለች። ሮንዳ የፀሐይ መነጽሯን አወለቀች።

“ጠፍቷል ወይስ ቤት ቀርቷል? ልዩነት አለው።”

“ቤት ነው” አለች ሼልቢ።

“ቤት የለም” አልኩ። “እቤት የምኖረው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።”

ሮንዳ ከጋሪዋ ወረደች። “ሼልቢ፣ ስሚኝ የኔ ልጅ። የት እንዳለ ካላወቅሽ አሁኑኑ ሬዲዮ ላይ ልናገር ነው፤ ግቢው ይዘጋል፤ አንቺም ነገ ዲኑ ፊት ትቆሚያለሽ። የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ንገሪኝ። ማንንም አልቆጣም።”

ሼልቢ ጫማዋን እያየች ነበር።

“ጋሽ ቨርጂል ጋ ነው። ራሴ ወስጄ ነው የሰጠሁት። ቆየ።”

ቨርጂል ጎረቤቴ ነው፤ አጥር እንጋራለን። ኮርማው አጥሬን ጥሶ ጊደሮቼ መሀል ከገባ ጀምሮ ጤና ይስጥልኝ ተባብለን አናውቅም። ደሜ ፈላ። “እኔ የገዛሁትን ሽጉጥ ለዚያ ለ...” ብዬ ጀመርኩ፤ ግን አልጨረስኩትም።

ምክንያቱም እኛ አገር ሰው የራሱን መሣሪያ ተሸክሞ ጎረቤቱ በር ላይ ሄዶ አስቀምጥልኝ ካለ፣ ለሽያጭ አይደለም፤ ለጥገናም አይደለም። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ያደርገዋል። መሬቱን ባንክ የወሰደበት ያደርገዋል። ራሱን የፈራ ሰው ያደርገዋል። ተቀባዩ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ለማንም አይናገርም፤ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ቀኑ ነግቶለት ራሱ መጥቶ እስኪወስድ። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከገዛ ልጄ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም።

ሮንዳ ከኔ በፊት ገብቷታል። መነጽሯን መልሳ አደረገች። “ቨርጂልን አውቀዋለሁ፤ ደውዬ አረጋግጣለሁ። የጠፋ ነገር የለም” አለች። ከዚያ ለሼልቢ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ከሰው ጋር እያወራሽ ነው?”

“ማክሰኞ ማክሰኞ። ክሊኒክ፣ አማካሪ ጋ።”

“ጎበዝ።” ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች።

የፒክአፑ ኋላ ላይ ተቀመጥኩ። ሼልቢም ከጎኔ ተቀመጠች።

“ማን ምን አደረገሽ?” አልኳት።

“ማንም ምንም አላደረገኝም። ምክንያት ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ስነዳ ከመቀመጫው ሥር ስላለው ነገር ብቻ ነበር የማስበው። አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁሜ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ፈራሁ።”

እኔ ያንን ሳጥን ስገጥም ሌባ ነበር በሐሳቤ፤ ሰካራም ነበር፤ የመንገድ ወሮበላ ነበር። ልጄን ካገሩ ክፉ ሰው ሁሉ ልጠብቃት ብዬ ከሥሯ ያስቀመጥኩት ነገር እሷኑ ሊበላ ሲጠብቅ ከረመ።

“ለኔ አትነግሪኝም? እኔ አባትሽ አይደለሁም?”

“መጀመሪያ የመጣሁት አንተ ጋ ነው።”

“መቼ?”

“አንድ እሑድ፣ ወር አልፎታል። በር ላይ ስደርስ ‘ዘይት ቀየርሽ?’ አልከኝ። ቀጥለህ ጎማውን አየህ። ቀጥለህ ሽጉጡን በትክክል ቆልፈሽዋል ወይ ብለህ ስለ አያያዝ አስተማርከኝ። እኔ የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር አባዬ። እሱን ለማለት መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። መሀል ላይ መግቢያ አጣሁ። ስመለስ ጋሽ ቨርጂል አጥር ሲጠግን አየሁት፤ ቆምኩ።”

“ምን አለሽ?”

“ምንም። ተቀበለኝ። ከዚያ ውሃ ልስጥሽ አለኝ።”

አቅፌያት ቆየሁ፤ አጥንቷ እጄ ላይ ይቆጠራል።

“ዛሬ ከኔ ጋር ቤት ትሄጃለሽ” አልኳት በመጨረሻ።

“ቤት አልመጣም።”

“እንዴት አትመጪም?”

“ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሳጥን። ጠመንጃዎቹ። ቁልፉን የት እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ።”

ቅዳሜና እሑድ መምጣት ያቆመችው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ‘ከተሜ ሆንሽ፤ አባትሽ ሸተተሽ’ እያልኩ ስተርባት ከርሜያለሁ።

“ከሰዓት የሆስፒታል ልምምድ አለኝ፤ ብቻዬን አልሆንም” አለችኝ። የዶርም ጓደኛዋ እስክትመጣና ከሷ ጋር እስክትሄድ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ እንዴት ነድቼ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃዬን፣ የዳክዬ ማደኛዬን፣ ራስጌዬ የነበረውን ሽጉጥ፣ አባቴ ያወረሰኝን አሮጌ ጠመንጃ ሳይቀር አውጥቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ጥይቱን ለብቻ ጫንኩ። ቨርጂል ግቢ ገብቼ በሩን መታሁ። ናፕኪን አንገቱ ላይ እንደሰካ፣ እያኘከ ከፈተልኝ። እኔን ሲያይ ማኘኩን አቆመ።

“ቤቴን እርጥበት አስቸገረው” አልኩት። “እነዚህን አስቀምጥልኝ።”

ከፀደይ ወዲህ ጠብታ አልዘነበም። የቆምንበት መሬት ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ቨርጂል መሬቱን አየ፤ ጥቅሉን አየ፤ ፊቴን አየ።

“እርጥበት ክፉ ነው” አለና እጁን ዘረጋ።

አንድ በአንድ ተቀበለኝ። የአባቴ ጠመንጃ ላይ እጄ አልለቅ አለ፤ ሳይስብ ጠበቀኝ። ስለ ኮርማው ላወራ አሰብኩ፤ አመሰግናለሁ ልለውም አሰብኩ፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ ለሼልቢ ደወልኩ።

“ቤቱ ባዶ ነው” አልኳት። “አንድም የለም። ቨርጂል ጋ ነው ያለሁት።”

እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅኩት አፍንጫዋን ስትስብ ነው።

“አባዬ፣ ማታ ስመጣ ምንም አትበለኝ። ብቻ አብረኸኝ ቁጭ በል። እሺ?”

“እሺ” አልኳት። ሌላ ነገር ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቨርጂል በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ መልሼ ዘጋሁት።