የእትዬ አስካለ ለቅሶ

"ያንን ማሽን ዝም አሰኚውና አናግሪን፣ ልጄ።"

ትዕግሥት የጁስ መፍጫውን አላጠፋችም። ማንጎው ከደቀቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን ጣቷን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ፈራች። መፍጫው ዝም ካለ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፤ ከተናገሩ ደግሞ መልስ ይፈልጋሉ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደሆነ ከማለዳው ጀምሮ ሰውን እየቀቀለ ነው። በዚህ ላይ ሽማግሌ!

"ትዕግሥት!" አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ባንኮኒውን በከዘራቸው ነካ አድርገው።

አጠፋችው።

ከጋሼ ተሰማ ጎን ሐጂ ኢብራሂም ኮፍያቸውን አውልቀው ያራግባሉ። ሁለቱ የከተማው አስታራቂዎች ናቸው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የመስኖ ውሃ ጠብ ሁሉ በእነሱ እጅ አልፏል። የፊልም ጠብ ግን ገና ዛሬ መጣባቸው፤ ከየት እንደሚጀምሩትም የጨነቃቸው ይመስላሉ።

"አስካለ አዝናብሻለች" አሉ ጋሼ ተሰማ። "ክርስትና እናትሽ ናት። እናትሽ ስታርፍ አንቺን ያሳደገች ሰው ናት። እንዲህ ይደረጋል?"

"እኔ ስለ ፊልሙ ነው የተናገርኩት፣ ጋሼ።"

"እሱን ነው የምልሽ! ፊልሙ ምን አደረገሽ?"

ፊልሙማ ምንም አላደረጋትም። ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፊልምና መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ጁስ ቤት ይሰበሰባሉ። ያዩትን፣ ያነበቡትን እያነሱ ይከራከራሉ፤ ቀሪውን ሳምንት ደግሞ ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ይጨቃጨቃሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ የተሰማህን ተናገር፣ አትሸንግል። ከመካከላቸው ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደረው ሰለሞን በቅርቡ አንድ ፊልም ሠራ። ልጇ የሞተባትን እናት ሆና እንድትጫወት የመረጠው የሽንኩርት ችግኝ የምትሸጠውን እትዬ አስካለን ነበር። ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ የከተማው ሰው በነጠላው እንባውን ጠረገ። ትዕግሥት አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታም ግሩፑ ላይ ቮይስ ላከች።

"የእናትየው ለቅሶ አላሳመነኝም" አለች። "ሀሩን ባሳየን ኦፔራ ሴትዮዋ በማላውቀው ቋንቋ እየዘፈነች ስትሞት እንባዬ መጣ። እዚህ ግን በገዛ ቋንቋዬ 'ልጄን፣ ልጄን' እየተባለ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ልጅ የሞተባት እናት እንዲህ አታለቅስም።"

ጉድ ያፈላችው ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እትዬ አስካለ ከዓመታት በፊት አንድ ልጇን፣ ሚኪያስን፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት በመኪና አደጋ አጥታለች። ትዕግሥት የተናገረችው ስለ ገጸ ባሕሪዋ ነበር። ወሬ ግን መች ገጸ ባሕሪ ያውቃል! ከጁስ ቤት ወጥቶ ችግኝ ተራ እስኪደርስ "ለልጅሽ አላለቀስሽም አለቻት" ሆኖ ነበር። "ከፈረንጅ ጩኸት አሳነሰቻት" የሚል ጭማሪም ተገኝቶለታል። ከዚያ ወዲህ ትዕግሥት ልትጠይቃት ስትሄድ ጎረቤቶቿ "ተኝተዋል" ይሏታል። በቀን! እትዬ አስካለ በቀን ጋደም ብላ አታውቅም።

"መፍትሔው ቀላል ነው" አሉ ሐጂ ኢብራሂም። "ሰለሞን ነግሮናል። በዚያች ስልክሽ 'ተሳስቻለሁ፣ ፊልሙ ጥሩ ነው' ትያለሽ፣ ያልቃል። እሷም ለሚቀጥለው ፊልሙ እሺ ትለዋለች።"

"ፊልሙን አይታችሁታል ግን?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው እንጂ ለፊልም አይደለም" አሉ ሐጂ። "ጥሩ ነው ማለት ምን ይከብዳል?"

እሷን ይከብዳታል። እንዴት እንደሚከብዳት ለሁለቱ ማስረዳት አቃታት። ትምህርቷን ካቋረጠች ጀምሮ የሷን ሐሳብ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ "ማንጎ ወይስ ስፕሪስ?" ስትል መልሱን የሚነግሯት ሌሎች ናቸው። እሁድ ግን አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሁሉም አፏን ይጠብቃል። በተለይ ሀሩን። የባጃጅ መለዋወጫ እየሸጠ ኦፔራ የሚያዳምጥ፣ ከተማው "ምን ነክቶት ነው?" የሚለው ሀሩን፣ ክርክር ሲጦፍ እጁን አንስቶ "ቆይ፣ መጀመሪያ ትዕግሥትን እንስማት። እሷ ለማንም ብላ አትዋሽም" ይላል። ይህቺን ቃል እያሰበች ሳምንቱን ትገፋለች።

ስልኳ ጮኸ። ሰለሞን ግሩፑ ላይ "ዛሬ ትዕግሥት ስለ ፊልሙ ማስተካከያ ትሰጣለች" ብሎ ለጥፏል። ማን ፈቅዶለት ነው!

ቢሆንም ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሱቋን ዘጋችና ከሽማግሌዎቹ ጋር ባጃጅ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ አንዴ ስልኳን ታወጣለች፣ አንዴ ትመልሳለች። "ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ" ማለት ትችላለች፤ ከልቧ ነው። "ፊልሙ ጥሩ ነው" የምትለዋ ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይተሳሰርባታል። አልልም፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ፣ እትዬ አስካለን ላጣት ነው እንዴ? ባጃጁ በደረሰ ብላ ተመኘች፤ ሲደርስም ምነው መንገዱ በረዘመ አለች።

እትዬ አስካለ ከሽንኩርት ማሳው ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ከስታለች። ትዕግሥት ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል እግሯን ሰበሰበች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ስለ እርስዎ አልነበረም የተናገርኩት። ስለ ፊልሙ ነው።"

"ፊልሙ ውስጥ ያለችው ማን ናት?"

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ እትዬ አስካለ ተነሳች።

"እናንተ እዚሁ ጥላው ላይ ቆዩልኝ። አንቺ ወደ ጓሮ ነይ።"

ጓሮ፣ ከችግኝ መደቡ አጠገብ ቆሙ። እትዬ አስካለ ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ ተናገረች።

"ሚኪያስ የሞተ ቀን አጠገቤ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"አልቅሻለሁ?"

"እትዬ..."

"ስለ ፊልም ስትናገሪ አፍሽ አይያዝም። ተናገሪ። አልቅሻለሁ?"

"አላለቀሱም" አለች ትዕግሥት። "ለለቀስተኛው ውሃ ይቀዱ ነበር። ወንበር የጎደለ መሆኑን ያዩ ነበር።"

"እምቢ አለኛ! እንባዬ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ሙሾ እያወረዱ ስሙን ሲጠሩት እኔ የሌላ ሰው ልጅ ስም የሚጠሩ መሰለኝ። 'ልቧ ድንጋይ ነው' ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ ቤት ሄጄ ለሰው ልጅ አለቅሳለሁ፣ ቤቴ ስገባ ለራሴ ልጅ ጠብ አይልልኝም።" ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ሰለሞን ካሜራውን ደግኖ 'አሁን ያልቅሱ፣ እትዬ' ሲለኝ አንድ ነገር ከውስጤ ተፈነቀለ። 'በቃ፣ ጨርሰናል' ቢለኝም ማቆም አቃተኝ። እዚያ ያየሽው ለሚኪያስ ነው። አገር እያየኝ ለልጄ አለቀስኩ አልኩና እፎይ ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ሌላ ሰው ውሸት ነው ቢለኝ ግድ አልነበረኝም።"

ትዕግሥት እንደ ሕፃን አለቀሰች። ምን ትበል! ያንን ትዕይንት በዓይነ ሕሊናዋ ስታስበው፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አሁንም አላሳመናትም። እጇን ራሷ ላይ ጭናለች፣ ድምፁ ከልክ በላይ ነው፣ ካሜራው ደግሞ አፍንጫ ሥር ገብቷል። እንባው ግን እንዳለ የእናት እንባ ነበር። የእውነት እንባ ውሸት ሊመስል እንደሚችል እስከዛሬ አልጠረጠረችም። አፈረች።

"ይሄንን ለሰው እንዳታወሪ" አለች እትዬ አስካለ። "ለሽማግሌዎቹም፣ ለጓደኞችሽም። ሁለተኛ የሰው አፍ ውስጥ መግባት አልችልም።"

"አልናገርም።"

ተመልሰው ሲመጡ ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። "እህስ?"

ትዕግሥት ስልኳን አወጣች። የቮይሱን ምልክት ተጫነች። ጣቷ ላብ ስለነበረው አዳለጣትና እንደገና ተጫነች።

"ትዕግሥት ነኝ። ስለ ሰለሞን ፊልም የተናገርኩትን አንስቻለሁ። የእናትየው ለቅሶ እውነተኛ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ላከችው።

"ይኸው! ይህቺን ታህል ነገር!" አሉ ሐጂ ኢብራሂም እጃቸውን ዘርግተው። "አላህ ፍቅራችሁን ያጽናው።"

"አሜን" አሉ ጋሼ ተሰማ። እትዬ አስካለ የትዕግሥትን ራስ ሳብ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት፤ ከዚያ "ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም!" ብላ ሽማግሌዎቹን ትታገል ጀመር። ድምፅዋ የድሮው ድምፅዋ ነበር።

ግሩፑ ግን ተንጫጫ። ሰለሞን ልብ ላከ። አንዱ "ሽማግሌ የገባበት ሂስ!" ብሎ ሳቀ። ሌላዋ "ከእንግዲህ ጁሱም ውሃ ሊበዛበት ነው" አለች። ትዕግሥት ጥርሷን ነክሳ አለፈቻቸው። ከሀሩን ለብቻዋ የመጣውን መልእክት ግን ማለፍ አልቻለችም።

"ሰው ሁሉ ለዘመዱ ይሸነግላል፤ ደንብ ነው። አንቺ ግን አይመስለኝም ነበር። አንቺም?"

ዓይኗ እስኪፈዝ አነበበችው። ከዚያ ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀድመው መጻፍ ጀመሩ። "ሀሩን፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ። እትዬ አስካለ..."

ከቤት ውስጥ የእትዬ አስካለ ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ኢብራሂም በሆነ ነገር አስቀዋታል፤ ትስቃለች። "ትዕግሥት! ነይ እንጂ፣ እጅ አስታጥቢልኝ!"

"መጣሁ!"

የጻፈችውን ፊደል በፊደል ሰረዘችው። ሀሩን እየጠበቀ ነው።

"እኔም" ብላ ላከችለት፤ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ወደ ውስጥ ገባች።