በግራ እጁ በኩል

ታላቅ ወንድሜ የአረጋውያን መጦሪያውን አይቶ የመጣ ዕለት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሳሎን ገብቶ «ንጹህ ነው፤ ግቢው ዛፍ አለው» አለኝ። ዛፍ አምጡልኝ ያለው ሰው ያለ ይመስል። አባታችን ዕድሜውን የጨረሰው ዛፍ ሥር አይደለም፤ ጋዜጣ ቢሮ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው።

ሥራው የፊደል ጨዋታ ማዘጋጀት ነበር። ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት በክብ ይደረደራሉ፤ አንባቢው ከእነሱ የሚወጡትን ቃላት ይለቅማል፤ መልሱ በማግስቱ ይታተማል። ከመታተሙ በፊት ግን ጨዋታው የሚፈተነው በእኔ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን ከአባቴ መዝገበ ቃላት ላይ ማንም ሳይረዳኝ ነው የቀማሁት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወንድሜ «ዲክሽነሪ» ይለኛል። ሊያሾፍብኝ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ እቀበለዋለሁ።

አባዬ አሮጌ የእንጨት ማስመሪያዎች በመጋዝ ቆራርጦ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል ጽፎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በተን ያደርጋቸውና «በይ ልቀሚ» ይለኛል። ሲያቅተኝ መልሱን አይነግረኝም። ብገድለውም አይነግረኝም። የቃሉን መነሻ ፊደል በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይይዝና ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ በቃ፣ ያቺን ብቻ ነበር የሚቸረኝ።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከነምላሱ ሄደ።

ፊዚዮቴራፒስቷ «ግራ እጃቸው ይልመድ፤ ትንንሽ ነገር ያንሱ፣ ያስቀምጡ» ስትለኝ ፊደላቱን ትሪ ላይ ደርድሬ ጭኑ ላይ አኖርኩለት። በእንግሊዝኛ ብዙ የሚሠራባቸው ፊደላት የትኞቹ እንደሆኑ እኔ አላጣውም፤ ኢ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤስ፣ አር እና ኤን የሚባሉትን እጁ ሥር አደረግኳቸው፤ እንዳይደክም ብዬ። እነ ኤክስና ዜድን ከማዶ ወረወርኳቸው። ኦ ራሷ ቦታ አጥታ ከእነሱ ጋር ቀረች።

በመጀመሪያው ቀን እየተንቀጠቀጠ ሦስት አራት ፊደል አውጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ ጣለ። አየሁና ጮህኩ። ቲ፣ ኢ፣ ኤ፤ «ቲ»! ሻይ ማለት ነው! አፈላሁ፣ በማንኪያ አጠጣሁት፣ ጠጣ። በሌላው ቀን «ረስት» አወጣ፤ እረፍት ማለት ነው። መጋረጃውን ዘጋሁለት፣ ተኛ። አንዴ ደግሞ «ቲርስ» ወጣ፤ እንባ። የዚያን ዕለት እኔም አለቀስኩ።

በአውራ ጣቱ ግን አንድም ቀን ፊደል ጫን አድርጎ አልያዘም። «ይሄ እኮ ግራ እጁ ነው» አልኩ ለራሴ። ሰው ሲፈልግ ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

ወንድሜ «አባዬ የሚሆነው ነገር የሚገባው ከሆነ እዚሁ ይቆያል» አለኝ። «የማይገባው ከሆነ ግን ቅዳሜ ወደ መጦሪያው እወስደዋለሁ። ባለፈው ከአልጋ ሲወድቅ ብቻሽን አንስተሽው ወገብሽ እንዴት እንደሆነ አይተሻል።»

«ወገቤ የራሴ ነው!»

«አባዬስ?»

«እሱማ እያናገረኝ ነው! ና፣ በዓይንህ እይ!»

አባዬ ፊት ተቀመጥን። «አባዬ፣ ከዚህ ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። እጁ ትሪው ላይ ተንከራተተች። ኤስ። ኢ። ኤን። ቲ።

«‹ኔስት›!» አልኩ፤ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። «ጎጆ ማለት ነው! ጎጆዬን አትንኩ እያለህ ነው፣ አንተ ድንጋይ!»

ወንድሜ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ፊደላቱን ለቃቅሞ ወደየቦታቸው መለሰ። ከዚያ ትሪውን ከአባዬ ጭን ላይ ሳያነሳ ቀስ አድርጎ አዞረው። ከማዶ የነበሩት እጁ ሥር ሆኑ።

«አባዬ፣ ከዚህ ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?» አለ። የእኔኑ ጥያቄ፣ ቃል በቃል።

አባዬ እጁን አነሳ። ካረፈችበት ዘገነ። ኤክስ። ጄ። ኦ። ኤፍ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን የፊደላቱን ቦታ በዓይኔ እያቀያየርኩ ነበር። ኤፍ፣ ኦ፣ ኤክስ። «ፎክስ»። ቀበሮ! አፌ ተከፈተ። «አየህ? ቀበሮ ብሎሃል! ተንኮለኛ ብሎሃል!» ልለው ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

እዚያ ላይ ደረቅኩ።

ትሪውን ቢያዞሩትም ቃል አገኘሁ። እንደገና ቢያዞሩትም አገኛለሁ። ዶሮ ብትጭርበትም አገኛለሁ። ሻዩን ያዘዘው ማን ነበር? እንባውስ የማን ነበር? ዓይኔን ወደ አባዬ ስመልስ እሱ ጄን አፉ ውስጥ ሊከታት እየታገለ ነው። ወንድሜ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰዳት።

«ምን አለ?» አለኝ፤ በክፋት አይደለም። ቢከፋብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምንም» አልኩት።

«ዲክሽነሪዬ...»

«እንደሱ አትበለኝ።»

ቅዳሜ መኪናው መጣ። አባዬን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያስገቡት ወደ ቤቱ ዞር አላለም። አልቻለም ይሁን አልፈለገ፣ እሱን ከእንግዲህ የሚነግረኝ የለም። ወንድሜ ትሪውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እኔ ልተወው ነበር።

አሁን በሳምንቱ መጨረሻ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ግቢው እውነትም ዛፍ አለው። አስታማሚዋ ደግ ልጅ ናት፤ ትሪውን ስታይ «እንዴ፣ አባባ እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር?» አለችኝ። «ሠርቶበታል» አልኳት።

ትሪውን ጭኑ ላይ አኖርለታለሁ። ፊደላቱን እንደመጣልኝ ነው የምደረድራቸው፤ የሚመረጥ የለም። እሱ ያነሳል፣ ይጥላል። አንዳንዱን እየጠበቅኩ ከአፉ አስጥለዋለሁ። ቃላቱ እኔ ሳልጠራቸው ይመጡብኛል፤ ዝም እላቸዋለሁ፣ እነሱም ይሄዳሉ። ድሮ አንዲት ቃል ስታመልጠኝ ቀኑን ሙሉ ሲያናድደኝ የሚውል ሰው ነበርኩ።

አስታማሚዋ ምሳ ይዛ ስትመጣ ፊደላቱን ለቃቅሜ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ። እስከዚያ ግን እጁ ሥር አቀርቅሬ እቀመጣለሁ። የማየው ፊደሉን አይደለም፤ አውራ ጣቱን ነው።