ኦዲል ያልጻፈችው

የኦዲል ቫሴር እንጀራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ነው። ፊልም ሲቀረጽ ካሜራው ሥር ተቀምጣ፣ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንዳነሳ፣ የኮቱ ስንተኛ ቁልፍ እንደተከፈተ፣ የቱ ነገር በስንት ሰዓት እንደተደረገ ትጽፋለች። እሷ «ተሳስታችኋል» ካለች አለቀ፤ ጉረኛው ተዋናይ እንኳ ኮቱን መልሶ ይቆልፋል።

ዛሬ ጠዋት ግን አይታ ያልጻፈችው ነገር አለ። ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ ሲበሉ የወዳጇ የያኒክ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ጭኑ ላይ ተጋደመ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው።

«አብደሻል? ተኝቼበት ነው የደነዘዘው።»

«ያኒክ፣ አይቼሃለሁ እኮ።»

«አንቺ ደግሞ የማታዪው ምን አለ! ስሚኝ የኔ ቆንጆ፣ አርባ ሰዓት ነው የቀረኝ። ዛሬ ከሥራ ቢያስወጡኝ የብርዱን ወራት ምን ልበላ ነው? ለአዘጋጇ ለአርሜል አንድ ቃል ብትተነፍሺ እኔና አንቺ በቃን!»

አርባ ሰዓት ቀልድ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የፊልም ሠራተኛ በዓመት አምስት መቶ ሰባት ሰዓት ካልሞላ፣ ሥራ በሚጠፋበት ወራት ድጎማ አያገኝም። ያኒክ ጣቶቹን እንደምንም አነቃነቀና ጓንት አጠለቀባቸው። ኦዲል በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ያገኘችውን ፍቅር ማጣት ፈራች፤ ደብተሯን ሳትከፍት ተከትላው ወጣች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ፊልሙ አለቃዋንም ባሏንም እኩል ስለምትዋሽ ሴት ነበር፤ እያሳቀ የሚያስለቅስ። ከምሳ በኋላ ፌካም ከተባለችው የባሕር ዳር ከተማ በላይ፣ ነጩ ገደል አፋፍ ላይ ሊቀርጹ ወጡ። ካሜራ አንሺዋ ክሎቲልድ ረጅሙ የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ካለው ወንበር ጋር ታሰረች፤ ክንዱ ከገደሉ አልፎ ባሕሩ ላይ ይወጣል። ሌላውን ጫፍ ይዞ የሚመራው ያኒክ ነው። ነፋሱ በርትቶ ነበር።

ኦዲል አላስቻላትም። «አርሜል፣ አስቁሚ! የያኒክ እጅ ደህና አይደለም።»

ያኒክ ሳቀ። «ሽማግሌ ስላፈቀረች ዓለሙ ሁሉ አርጅቶ ይታያታል!»

ሁሉም ሳቁ። አዘጋጇ አርሜል ግን አልሳቀችም። «ኦዲልዬ፣ አንቺ ተሳስተሽ አታውቂም። በዓይንሽ አይተሻል?»

ያኒክ አያት። አስተያየቱ ልመና አልነበረበትም፤ የስንብት ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለች።

እንዲህ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አንዳንዱ አጨበጨበ። የብረቱ ክንድ ወጣ፣ ዞረ፣ ያለ እንከን ተመለሰ። «አንዴ እንድገመው!» አለች አርሜል። ክንዱ ዳግም ባሕሩ ላይ ሲወጣ የያኒክ ግራ እጅ ከመያዣው ተንሸራቶ ወረደ። እሱ ግን አላወቀም።

«ይቁም!» ጮኸች ኦዲል።

«ኧረ ወስኚ አንቺ ሴትዮ!» አለ አንዱ፣ ሳቁም ቀጠለ። ቃሏን ራሷ አርክሳዋለች፤ ማን ይስማት? ደብተሯን ጥላ ሮጠችና ብረቱን ጨበጠች። ነፋሱ ክንዱን ወደ ባሕሩ ሲገፋው ጫማዋ ሣሩ ላይ ተንሸራተተ። ክሎቲልድ ከላይ ሆና «እንዲሁ ያዙልኝ፣ ብርሃኑ ሲያምር!» ትላለች። አራት ሰዎች ደርሰው ክንዱን ሲጎትቱት ያኒክ ተንበረከከ። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር።

በአምቡላንስ የመጣችው ሐኪም አጠገቡ በርከክ አለች። «ደም አንጎሉ ውስጥ ረግቶ ይሆናል። የሚያሟሟ መርፌ አለ፤ የሚሰጠው ግን ከጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ካላለፈ ነው። ካለፈ ያደማዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። መቼ ጀመረው?»

«አሁን!» አሉ በአንድ ድምፅ። «አሁን፣ እፊታችን!»

«ጥሩ፣ ደርሰንበታል» ብላ ሬዲዮዋን አነሳች።

ያኒክ በደህና እጁ የኦዲልን ጣቶች ይዞ ነበር። ኦዲል ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

«ዶክተር፣ አሁን አይደለም» አለች። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

«እርግጠኛ ነዎት፣ ማዳም?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«መርፌውን ተዉት» አለች ሐኪሟ በሬዲዮው፤ «አልፎበታል።»

ያኒክ መናገር አቅቶታል እንጂ ይሰማ ነበር። የኦዲልን ጣቶች ለቀቃቸው።