ከፎቶው ሥር ሦስት መስመር

ወሬዋ ስለማያቋርጥ ሬዲዮ የሚሏት ተማሪ የመጽሔቱ ቡድን መሪ የሆነችው በችሎታዋ ሳይሆን በጥፋቷ ነው። የቋንቋ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከኋላ የሚመጣው ወሬ አላስጽፍ ቢላቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ዞር አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ ደመወዝ ይከፈለዋል?»

«በነጻ ነው ቲቸር፤ ለወገን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ለመሳቅ ትንሽ ነበር የቀራቸው፤ ግን ተማሪ ፊት የሳቀ አስተማሪ አለቀለት፣ ስለዚህ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ቅጣት ፈለጉ።

«እንግዲያው ሥራ ይያዝ። የዘንድሮውን የተመራቂዎች መጽሔት የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። ቡድንሽን ዛሬውኑ አቋቁሚ።»

ቅጣት ነው ያሏት እሳቸው ናቸው እንጂ ሬዲዮስ በደስታ ክንፍ ልታወጣ ነበር። ያለፈው ዓመት መጽሔት ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለማ! ዳይሬክተሩ ሽፋኑ ላይ፣ ዳይሬክተሩ ችግኝ ሲያጠጡ፣ ዳይሬክተሩ ስልክ ሲያነሱ፣ ዳይሬክተሩ ስልክ ሲዘጉ። ተማሪዎቹ ከኋላ እንደ ቴምብር ተለጥፈዋል። ከየፎቶው ሥር ደግሞ ግማሹ ክፍል «ሕልሜ ከሰማይ በላይ ነው» ብሎ ጽፏል። ያን ዓመት ከሰማይ በላይ ትርፍ ቦታ መኖሩ ያጠራጥራል።

ቡድኑን ለማቋቋም ጊዜ አልፈጀባትም። ፎቶ የሚያነሳው ብልጭታ ነው፤ አባቱ ፎቶ ቤት አላቸው፣ እሱም ካሜራውን ከአንገቱ የሚያወርደው ለመታጠብ ብቻ ነው ይባላል። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው አምባሳደር ነው፤ ከፊት ለፊቷ የሚቀመጥ፣ አንገተ ረጅም፣ ጨዋ ልጅ። የቀረው ገጹን የሚያቀናጅ ሰው ነበር። ለዚህ ሥራ ማን እንደሚሆን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ሬዲዮም ታውቃለች። ልጅቷ ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ እዚያው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። ችግሩ በመካከላቸው ቦርሳ አለ።

የቦርሳው ነገር እንዲህ ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደጉ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋን ጎኗን የሚያማት ዓይነት ጓደኛሞች ነበሩ። በዓመቱ አጋማሽ ለሳይንስ ትርኢት ሬዲዮ ትልቅ የልብ ሥዕል ሣለች። ጓደኛዋ አየችው፤ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። የእሷ ነፍስ ደግሞ ጠማማ ነገር አይታ አታርፍም። ሳትጠይቅ፣ ሳታማክር፣ ደመሰሰችውና በማስመሪያ እንደ አዲስ ሣለችው። የልብ ደም ሥር! በማስመሪያ! ሬዲዮ በማግስቱ ስታየው ደሟ ፈላና ክፍሉ ፊት ቆማ፣ «ይቺ ሰው አይደለችም፤ ማስመሪያ ናት!» ብላ ጮኸች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ስሙ ልጅቷ ላይ ተለጠፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ማስመሪያ ይላታል።

ማስመሪያ ቦርሳዋን ከዴስኩ ሥር አንስታ መሐል ላይ አስቀመጠችው። ሆድና ጀርባ ሆኑ። የክፍል ኃላፊው ቦታ መቀየር አይፈቅዱምና እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የሚነጋገሩት ከፊታቸው ባለው ልጅ በኩል ሆነ። አምባሳደር የሚለው ስም ከዚያ መጣ።

«አምባሳደር፣ ላጲሷን ታውሰኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

አምባሳደር ይዞራል። «ላጲስ ታውሺኛለሽ ወይ ትላለች።»

«የማትበላው ከሆነ በላት።»

«የማትበዪው ከሆነ ትላለች።»

«ሰምቻለሁ በላት!»

ላጲስ ማኘክ የሬዲዮ አመል ነው፤ ይህን የምትክደው እናቷ ፊት ብቻ ነው።

እናም ግብዣው በዚያው መንገድ ሄደ። «ገጽ የሚያቀናጅ እንፈልጋለን፤ ለመጽሔቱ ስንል እንጂ ለሌላ እንዳይመስላት በላት።» መልሱም መጣ፤ «ለመጽሔቱ ስል እሺ፤ ለሌላ እንዳይመስላት ብላለች።»

የመጀመሪያው ስብሰባ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተደረገ። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ብቻ በደንብ ይሠራል፤ ሌሎቹ ሲከፈቱ ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራሉ። ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ወጣች።

«ዘንድሮ ማንም ስለራሱ አይጽፍም! ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ይዋሻል። ከፎቶህ ሥር የሚጽፍልህ ዴስክ የሚጋራህ ልጅ ነው። ስታስነጥስ የሚረጭበት፣ ስትኮርጅ የሚያይህ፣ ጉድህን የሚያውቅ።»

«ስንት መስመር?» አለ አምባሳደር።

ማስመሪያ ወረቀቷን ለካችና ለአምባሳደር፣ «ሦስት በላት፤ አንዲት ፊደል አትጨመርም» አለች።

ብልጭታ አጨበጨበ። ሬዲዮ በገዛ ብልጠቷ ተደስታ አንገቷን ነቅነቅ አደረገች። ያኔ አምባሳደር፣ በጨዋ ድምፁ፣ «እና አንቺን ማን ሊጽፍሽ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሬዲዮ ክው አለች። ጠረጴዛው ላይ ቆማ ወደ ማስመሪያ ልታይ አልቻለችም፤ ላለማየትም አልቻለችም።

«እ… የቡድኑ አባላት እንኳ…»

«ወይ ፍንክች!» አለ ብልጭታ። «እኔን እኮ የሚጽፈኝ ኳሴን ሰርቀሃል የሚለኝ ልጅ ነው! ሕግ ሕግ ነው። የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የማስመሪያ እጅ ነበር። እንዴት ቀጥ እንዳለ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጨዋታ ነበር። ብልጭታ ያነሳል፣ ሬዲዮ ከካሜራው ጎን ቆማ የሆነ ነገር ትላለች፣ የሚነሳው ሳያስበው ጥርሱን ያሳያል። መጽሔቱ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ መሰለ። የልጆቹ ጽሑፍም መጣ። «ሲያስነጥስ መስኮት ይከፈታል። እናቱ ከእኔ ጋር እንዲያጠና ይልኩታል፤ እኔም የምጠብቀው ከእሱ ልማር ብዬ ነው።» «ይቺ ልጅ ብድር አትረሳም። እባክሽ እርሺ።» ዳይሬክተሩ እንደ አምናው ረዘም ያለ መልእክት ላኩ። መምህርቷ፣ «እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሬዲዮ ግማሽ ገጽ እስኪሆን ድረስ ቆረጠችው። ማስመሪያ ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ታቃናለች፤ የማንም ጆሮ ከማንም ጆሮ ከፍ አይልም። ሬዲዮ ከትከሻዋ በላይ አጮልቃ ስታይ፣ በልቧ «አቤት ሲያምር» ትላለች፤ በአፏ ግን ለአምባሳደር፣ «ይሁን በላት» ትላለች።

ማተሚያ ቤቱ ሲሄዱ አታሚው ቀለም የጠገቡ ጣቶቻቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«አርብ ከሰዓት ካላደረሳችሁ ተራችሁን ለሌላ እሰጣለሁ፤ ምረቃችሁ ያለ መጽሔት ይሆናል። ደግሞ ባዶ ቦታ አልወድም፣ ልጆቼ። ባዶ ቦታ ካየሁ የእህቴን ባል ማስታወቂያ እከትበታለሁ።»

«ምን ይሸጣሉ ጋሼ?» አለች ሬዲዮ።

«ጫማ።» ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳዩዋት፤ እውነተኛ ቆዳ! አይሰነጠቅ! አይለቅ!

ሳቁ። ሬዲዮም ሳቀች። ሐሙስ ቀን ግን ሳቋ ጠፋ፤ የክፍሉ ጽሑፍ ሁሉ ተሟልቶ የቀረው የአንድ ዴስክ ብቻ ነበር፤ የእነሱ።

ማታ እናቷ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ሬዲዮ ከጨርቁ ክምር አጠገብ እርሳስ ይዛ ተቀምጣለች። ቀልድ እንደ ዝናብ ይመጣላታል። ክፍሉን መሬት ላይ የሚያንከባልል ቀልድ። ግን አንዱን በጻፈች ቁጥር፣ ስሙን ያወጣችላት ቀን የማስመሪያ ፊት ትዝ ይላትና ወረቀቱን ትጨማድደዋለች።

«ምነው ቤቱ ጸጥ አለ? አመመሽ እንዴ?» አሉ እናቷ።

«ሦስት መስመር ጻፊ ተብዬ ነው፣ እማ።»

«አንቺ? ለሰላምታ እንኳ የማይበቃሽን?»

«ስለ እሷ ነው።»

መኪናው ቆመ። «ያቺ ልጅ ቤታችን ከመጣች ቆየች እኮ። አንድ ቀን ይሄ ቀሚስ ጫፉ ዘሟል ብላኝ ነበር። ለካሁት።»

«እና?»

«ዘሞ ነበር። ምን ታደርጊያታለሽ!» ብለው ስቀው መኪናውን ቀጠሉ። «ትምጣ በያት።»

አርብ ዕለት ሬዲዮ ኮምፒውተር ክፍል የደረሰችው ባዶ ወረቀት ይዛ ነው። ገጹ ተከፍቷል። የራሷ ፎቶ አለ፣ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሷ አለ፣ ከሥሩ ባዶ። አይሰነጠቅ፣ አይለቅ የሚለው ዓይኗ ላይ መጣባት።

«አምባሳደር፣ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

አምባሳደር ተነሳ። ብልጭታን ክንዱን ያዘው። «ዛሬ ኤምባሲው ዝግ ነው» አለና ይዞት ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ገጠም አደረገው።

ሁለቱ ቀሩ። ቦርሳው እንደ ልማዱ መሐላቸው ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማስመሪያ የኮምፒውተሩን ማውዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል አደረገች። ደግማ እኩል አደረገች።

«ፎቶዬ ሥር ጫማ ልታስገቢብኝ ነው?» አለች ሬዲዮ፤ ከስንት ወር በኋላ በቀጥታ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አይደለም።»

«ታዲያ ሦስት መስመር የሚሆን ነገር እንኳ የለኝም?»

ማስመሪያ ድንበር የሆነውን ቦርሳ ከፈተችና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ፊትና ጀርባው በደቃቅ ጽሕፈት ጢም ብሏል። ሌላም ወረቀት ተከተለ።

«አልበቃኝም» አለች። «እቆርጣለሁ፣ አልቆረጥ ይለኛል። አንዱን ሳወጣ ሌላው ይጎድላል።»

ሬዲዮ ማንበብ ጀመረች። ላጲስ እንደምትበላ። ማስመሪያ ታምማ የቀረች ቀን፣ ስም ሲጠራ በእሷ ድምፅ «አቤት» ብላ መምህሩን እንዳሳመነች። ማስመሪያ በቃል ጥያቄ እንዳትጠየቅ ስትፈራ ካየች፣ እጇን አውጥታ ስለማይረባ ነገር እየጠየቀች ደወል እስኪደወል ጊዜውን እንደምትገድልላት። ከታች ደግሞ፣ የልቡን ሥዕል ሳልጠይቃት መደምሰስ አልነበረብኝም፤ ልብም በማስመሪያ አይሣልም።

«የባዮሎጂ ቲቸርም ይህንኑ ነው ያሉት» አለች ሬዲዮ።

«የአንቺስ የታለ?»

ሬዲዮ ባዶውን ወረቀት አሳየቻት።

«ምንም?»

«ምንም። ሁሉም የሚያስቅ እየሆነ አስቸገረኝ። በአንቺ ደግመው እንዲስቁ አልፈለግኩም። ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጽሔት ላይ ከገባ እኮ ዕድሜ ልክ ነው።»

ማስመሪያ አሰበች። «ስሙን ተይው፤ ለምጄዋለሁ። ብቻ ጎብጦ እንዳይጻፍ።»

ሬዲዮ ሳቀች። ማስመሪያም ሳቀች፤ ያ የድሮው ጎን የሚያመው ሳቅ ነበር፣ ትንሽ ዝጎ ቆይቶ የወጣ።

«ይልቅ የዳይሬክተሩን እንደቆረጥሽው የእኔንም ቁረጪልኝ» አለች ማስመሪያ። «አታሚው ይጠብቁናል።»

ሬዲዮ ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። «ይሄ ይውጣ። እናቴ ካነበበችው ትኮራብኛለች፣ ከዚያ ጎበዝ ናት ብላ የምትጨምርብኝን ዕቃ ማጠብ አልችለውም። ይሄም ይውጣ። ይሄ ውሸት ነው።»

«እውነት ነው።»

«እውነትም ቢሆን ይውጣ።»

የቀረው ይህ ነበር፦ ላጲስ ትበላለች፤ ስታመም በእኔ ድምፅ አቤት ትላለች። ዘንድሮ ግማሹን ዓመት አላናገረችኝም። ጆሮዬ ያርፋል ብዬ ነበር፤ አላረፈም።

አሁን ተራው የሬዲዮ ሆነ። እሷ እየተናገረች ማስመሪያ ጻፈች፦ ማስመሪያ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ተናድጄ ነበር። ይህን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ያቃናችው እሷ ናት። እኔን ግን ለማቃናት አልሞከረችም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

«አራት መስመር ሆነ» አለች ማስመሪያ።

«ፊደሉን አሳንሺያ!»

«ሦስት ብለናል፣ ሦስት ነው።» ጣቷን ዘረጋችና የመጨረሻዋን መስመር ደመሰሰች። ሬዲዮ አፏን ልትከፍት ስትል ማስመሪያ ዞር ብላ አየቻት። «ይቺኛዋ ለመጽሔት አይደለችም። ለእኔ በአፍሽ ንገሪኝ።»

ለወገን በነጻ የምታወራው ሬዲዮ ከእሷ የማይጠበቅ አጭር ነገር ተናገረች።

«ይቅርታ።»

«እኔም» አለች ማስመሪያ፤ «ሥዕሉ ቆንጆ ነበር።» ቦርሳዋንም አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

መጽሔቱ የደረሰው ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። ልጆቹ እርስ በርስ እየተነጣጠቁ፣ እየጮኹ፣ የየራሳቸውን ሦስት መስመር ፈለጉ። የኳሱ ባለቤት ስለ ብልጭታ «ኳሱን አልሰረቀም፤ አልጋዬ ሥር አገኘሁት» ብሎ ጽፎ ነበር። ሬዲዮ መጀመሪያ የገለጠችው ግን የመጀመሪያውን ገጽ ነበር። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

የዳይሬክተሩ መልእክት ተቆርጦ ግማሽ ገጽ ሲቀር፣ የቀረውን ግማሽ ማንም አላስታወሰውም። አታሚው ግን አስታውሰዋል። ከዳይሬክተሩ ግርማ ሞገስ ካለው ፎቶ ሥር፣ በትልልቅ ፊደል፦ እውነተኛ ቆዳ! አይሰነጠቅ! አይለቅ!

ቡድኑ ቢሮ ተጠራ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ብዙ አዩት። ማስመሪያ ከጎን ሆና የሬዲዮን ክንድ ያዘች።

«ሃያ ዓመት አስተማርኩ» አሉ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ምስክርነት የሰጠኝ ሰው ግን የለም። አንድ ቅጂ ለባለቤቴ ጨምሩልኝ።»

ክፍል ሲመለሱ ሁለቱ ቦታቸው ተቀመጡ። ዴስኩ መሐል ላይ ምንም የለም። አምባሳደር ከፊታቸው ረጅም አንገቱን አዞረ።

«የሚተላለፍ መልእክት አለ?»

«የለም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ጡረታ ወጣሁ ማለት ነዋ» አለና ዞረ። ወዲያው ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ።

«ላጲሴን መልሺ።»

«ቆይ፣ እያኘክሁ ነው።»