የአርቡ ጥያቄ

ቡታጅራ ላይ፣ የአቶ ገሠሠ ልጅ ሀብተወልድ ከባሕር ማዶ የመጣን ሊቅ በአንድ ጥያቄ አፉን አስያዘው ይባላል። እሱ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል፣ በየአርቡ ተጋባዥ እንግዳ አዲስ ምርምሩን በሚያስረዳበት አዳራሽ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ ሀብተወልድ ጠየቀና ተሳቀበት።

እንግዳው ያስረዳ የነበረው በኢትዮጵያ ሰማይ፣ ከደመና እጅግ በላይ ስለሚፈስ ኤሌክትሪክ ነበር። ሀብተወልድ፣ «ታዲያ ወፎቹን ለምን አይነዝራቸውም?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንግዳው ሳቁ እስኪበርድ ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ ጠያቂው ሹልክ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዳራሹን አልረገጠም፤ ፊዚክሱንም ሊተወው አስቦ ነበር። ለአባቱ የነገራቸው፣ «ጠየቅሁት፣ ዝም አለ» ብሎ ብቻ ነው።

ዛሬ መስቀል ነው፤ ሀብተወልድም ለበዓሉ አባቱ ቤት መጥቷል። ክትፎው ተበልቶ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተሰናድተዋል።

«ፈረንጅ ዝም ያሰኘ ምላስ!» አሉ አባቱ።

«ገሠሠን ዝም የሚያሰኝ ግን ገና አልተወለደም» አሉ ጎረቤታቸው አቶ ደበሌ። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ አቶ ደበሌ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሊቅ ያሸነፍክ ልጄ፣ ዘወትር አሸናፊ ያድርግህ!» አሉ።

ሁሉም «አሜን» ሲል የሀብተወልድ ፊት እንደ ፍም ጋለ። በሐሰት የተገኘ ምርቃት እንዴት ይዋጣል?

«አባባ ደበሌ፣ ይቆዩኝ» ብሎ ተነሣ። «ሰውዬው ዝም ያለው ሳቁ እስኪያልፍ ነው። የተሳቀውም በእኔ ነው። መልሱን ሳልሰማ ሸሸሁ።»

አባቱ አቀረቀሩ። ዝም አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ የለም።

«ምርቃቱን አቆዩልኝ» አለ ሀብተወልድ። «በመጪው አርብ እዚያው አዳራሽ ገብቼ የሚመጣውን እንግዳ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ቢስቁም መልሱን ሳልሰማ አልወጣም።»