የፔርሙዝ ወንበር

ፔርሙዝ የምለው ሰው አጠገቤ መቀመጥ የጀመረው ክለባችን ሀርደንሾ ታውን ወደ አራተኛው ሊግ በወረደበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወጥተን ሁለት ጊዜ ወርደናል፤ እሱ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ዝናብም ሆነ በረዶ፣ አሸነፍንም ተሸነፍንም፣ ያቺን አረንጓዴ ፔርሙዝ ጉልበቱ መሃል ሸጉጦ ይቀመጣል። ስሙም የመጣው ከእሷ ነው። እኔ ደግሞ የሌሎቹን ጨዋታዎች ውጤት ለመስማት አንድ ጆሮዬ ላይ ሬዲዮ ስለምሰካ “ሬዲዮ” ይለኛል።

እውነተኛ ስሙን አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። በአምስተኛው ዓመት ሲሆን ያሳፍራል። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላማ ጭራሽ አይሞከርም፤ “እስከ ዛሬ ከማን ጋር ነበር የተቀመጥከው?” ቢለኝስ? የእኛ ነገር እንዲህ ነው። የግብ ጠባቂውን የጉልበት ሕመም ከነዓመተ ምሕረቱ እንዘረዝራለን፤ የጎናችን ሰው ልጆች ይኑሩት አይኑሩት ግን አናውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ “በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ” ይለኛል። “ቅዳሜ” እለዋለሁ። እሱ በወንዙ በኩል ባለው በር፣ እኔ በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ባለው እንወጣለን።

ጓደኝነታችን በቃ ይኸው ነው። ለእኔ ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ብሬንዳ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ሱቅ ብሄድ ሂሳብ የሚቀበለኝ ማሽን ነው፤ እሱም “ዕቃውን ከረጢት ውስጥ ያስገቡ” ከማለት በቀር ወግ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜ የምለውን ሳሰላስል እከርማለሁ፤ ፔርሙዝ ደግሞ አፌን ገና ከመክፈቴ ያፈርስብኛል። ደስ የሚል ሰው ነበር።

የመጨረሻው ክርክራችን አምና ግንቦት ላይ፣ የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ጨዋታ ላይ ነበር። ርዕሱ እንደ ሁልጊዜው የክለቡ ባለቤት ነው። ብራክስተን የሚባል የፍራሽ ነጋዴ ነው። ክለቡ ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው የገዛው እሱ ስለሆነ፣ እኔ ደጋፊው ነበርኩ።

“እስቲ ያንን ሰሌዳ እይልኝ” አለ ፔርሙዝ፣ ከጎሉ ጀርባ ያለውን የውጤት ሰሌዳ በአገጩ እያመለከተ። ሰሌዳው አሮጌ ነው፤ ግማሹ መብራት ተቃጥሏል፣ ከፊደልና ከቁጥር በቀር ምንም አያሳይም። “ሰውዬህ ለገና ፎቶና ቪዲዮ የሚያሳይ ስክሪን እገዛለሁ አላለም? የትኛውን ገና ነው ያለው?”

“ይገዛል። ኦኮሮን ገዝቶልን የለም እንዴ?”

“ኦኮሮንማ ሊሸጠው ነው የገዛው። አጥቂና ፍራሽ ለሱ አንድ ነው፤ ላስቲኩ ሳይቀደድ ያተርፍበታል።”

“አንተ ደግሞ! ልጁ እኮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነው።”

“ለዚህ ነዋ የሚሸጠው! ያንን ግብ ጠባቂ ማን ይገዛዋል? በነፃም የሚወስደው የለም። እሱ ከእኛ ጋር ያረጃል።”

“ብራክስተን ባይኖር ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ ሱፐርማርኬት ነበር የሚቆመው።”

“ቆይ፣ ይቆማል። መጀመሪያ ስታዲየሙን ለራሱ ለሌላኛው ድርጅቱ ይሸጠዋል፣ ከዚያ መልሶ ለእኛ ያከራየናል። በገዛ ቤታችን ተከራይ እንሆናለን። ያኔ ትነግረኛለህ።”

“ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎህ ያውቃል?”

“አዎ፣ ዋንጫው ላይ አንድ ለዜሮ ስንመራ። ከዚያ አቻ ሆኑ።”

ከኋላችን የሚቀመጠው ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ ሳቁን ለቀቀው። ፔርሙዝ በክዳኑ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ለራሱም በኩባያ ቀዳ። ሻዩ እንደ ሁልጊዜው ስኳሩ የበዛ ነው። እሱ ሲጠጣ ፊቱን ያኮሳትራል፤ እኔ በተከላካዮቻችን እየተናደደ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳቁ በእኔ ላይ ስለሆነ ደሜ ፈልቶ ነበር።

“ይህን ያህል ካስጠላህ ምን ያመጣሃል? ቤትህ ቁጭ አትልም?” አልኩት።

ዞሮ ትንሽ አየኝ። እሱ ዞሮ ሰው አያይም፤ ሁልጊዜ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው።

“ምናልባት ቁጭ እል ይሆናል” አለ። “ለሚቀጥለው ዓመት ብዙም አትጠብቀኝ።”

ፊሽካው ሲነፋ ፔርሙዙን ዘግቶ ተነሳና በወንዙ በኩል ወጣ። “ቅዳሜ” አላለኝም። በእርግጥ ቀጣዩ ቅዳሜ ሦስት ወር ይቀረው ነበር፤ ሌላ ዓመት ግን ይል ነበር።

ነሐሴ ላይ ውድድሩ ሲጀመር ወንበሩ ባዶ ሆነ። ወንበሮቻችን ሰው ሲነሳባቸው በራሳቸው የሚታጠፉ ናቸው፤ የእሱም እንደታጠፈ ዋለ። “አኩርፏል” አልኩ። “ያኩርፍ! ለፍራሽ ነጋዴ ብሎ እኔን የሚያኮርፍ ሰው ይቅርብኝ።” እንዲህ እያልኩም ጃኬቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር።

መስከረም ላይ በአንድ ጨዋታ አጨበጨብን። ደጋፊ ሲሞት ቤተሰቡ ለክለቡ ይነግራል፤ በዕድሜው ልክ ባለው ደቂቃ ላይ ስሙ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ያጨበጭብለታል። የዚያን ቀን ሰባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ “ክሊፎርድ ሆልሮይድ፣ 73” የሚል ወጣ። የማላውቀው ስም ነው። ማንም ይሁን ማን ግን እናጨበጭባለን፤ ተነስቼ አጨበጨብኩ። ልማድ ሆኖብኝ ወደ ቀኝ ዞርኩና ለታጠፈው ወንበር “ታውቀዋለህ እንዴ?” አልኩት። ከዚያ ኦኮሮ የማዕዘን ምት ሊመታ ሄደ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

ጥር ላይ ብራክስተን ኦኮሮን ሸጠው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ስታዲየሙን ሸጠ ተባለ። ገዢው ማነው? የራሱ ሌላ ድርጅት! ከእንግዲህ ክለቡ ኪራይ ይከፍላል። ጋዜጣውን ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የፔርሙዝን ቃል አንድም ሳያስቀሩ አትመውታል ብል ይቀለኛል። ጮክ ብዬ “ልክ ነበርክ!” አልኩ። ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር የሰማኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ይህንን ቃል ለሰውዬው በጆሮው መንገር። “ልክ ነበርክ፣ አሁን ና” ልለው። ቀኑም እየሄደ ነበር፤ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የዓመት ትኬቱ ያልታደሰ ወንበር ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ክለቡ አስታወቀ።

ትኬት ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት ነበረች።

“አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ፈልጌ ነበር” አልኳት።

“እሺ አባቴ፣ ስማቸው ማነው?”

“ፔርሙዝ።”

ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። “የአባታቸው ስም ነው?”

“የሻይ ዕቃቸው ነው።”

እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጨዋ ልጅ ነች። “ትክክለኛ ስማቸውን አያውቁትም?”

“ወንበሩን አውቀዋለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው።”

“በወንበር ፈልጌ የሰው ስም ብሰጥዎት ከሥራ ያባርሩኛል። መልእክት ካለዎት ግን ልላክልዎት?”

“ልክ ነበርክ በይልኝ” አልኩና ትንሽ አሰብኩ። ይህንን ከማያውቃት ልጅ ቢሰማው ዕድሜ ልኩን ነው የሚስቅብኝ። “ተይው፣ ራሴ እነግረዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሮጬ በወንዙ በኩል ያለው በር ጋ እቆም ነበር። ምናልባት አኩርፎ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ። አንድ ቀን የሚወጣውን ሰው ሁሉ ስመለከት አንድ ነገር ገባኝ፤ ፔርሙዝን የማውቀው ከጎን ብቻ ነው። አፍንጫውን፣ ግራ ጆሮውን፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አውቃለሁ። ከፊት ለፊት ሲመጡ ግን ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነው። ሰዉ እየተጋፋኝ አለፈ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔም አውቶቡሱ አምልጦኝ በእግሬ ሄድኩ። የዚያን ቀን መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ የፔርሙዝ ወንበር ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች።

“ይቅርታ እመቤቴ፣ ሰው አለበት” አልኳት።

“አውቃለሁ፤ የአባቴ ወንበር ነው።” ቀና ብላ ጆሮዬን አየች። “ሬዲዮ ማለት እርስዎ ነዎት?”

ያቺ አረንጓዴ ፔርሙዝ ጉልበቷ መሃል ናት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። “አባትሽ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ልክ ነበርክ ብሎሃል በዪው! እኔ ነኝ ያልኩት በዪው!”

“አባባ እኮ ዐረፈ” አለች። “ሐምሌ ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር። ትኬቱን አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። ዛሬ ነው የሚያበቃው፣ እንዲሁ ቢቃጠል በጣም ይናደድ ነበር ብዬ መጣሁ።”

ቁጭ አልኩ።

“ታሞ ነበር?”

“ሐኪሙ የነገረው ሚያዝያ ላይ ነው። ለማንም አልተናገረም።”

ግንቦት ላይ ዞሮ ያየኝ አስተያየት ትዝ አለኝ። ቤትህ ቁጭ አትልም ብዬው ነበር።

“ከዚህ ሁለት ፌርማታ ርቆ ነው የቀበርነው፤ ለቀብሩ ልንጠራዎት ፈልገን ነበር” አለች። ስሟ ጂልያን ነው፤ ወዲያው ጠየቅኳት። “ግን ስምዎን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አባባ ሁሌ ‘ሬዲዮ እንዲህ አለ፣ ሬዲዮ ዛሬም ተሳሳተ’ ነው የሚለው። እማማ ‘ስሙ ማነው?’ ስትለው ‘አሁን እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ?’ ይላል። በኋላ ለክለቡ ደውለን ስሙን ሰሌዳው ላይ አስወጣን። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ካየው ይመጣል ብለን።”

“ስሙ ማነው?” አልኳት። ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየ ጥያቄ ነው።

“ክሊፎርድ። ክሊፎርድ ሆልሮይድ።”

አይቼዋለሁ። ቆሜ አጨብጭቤለታለሁ። ከዚያም ለራሱ ወንበር “ታውቀዋለህ እንዴ?” ብዬዋለሁ። ያ የፍራሽ ነጋዴ ቃሉን ጠብቆ ስክሪኑን ቢገዛ ኖሮ ፊቱ ይወጣ ነበር፣ እኔም በጉንጩ ጠባሳ አውቀው ነበር። ፔርሙዝ አይገዛም አለኝ፤ ይገዛል ብዬ ተከራከርኩት። ከመቃብሩ ሁለት ፌርማታ ርቄ ዓመቱን ሙሉ አኩርፏል እያልኩ ጃኬት ስዘረጋለት ኖርኩ።

ጂልያን በክዳኑ ሻይ ቀዳችልኝ። ቀመስኩት፣ መረረኝ።

“ስኳር የለውም?”

“ውይ፣ በስኳር ይጠጣሉ እንዴ? አባባ እኮ ስኳር አይወድም ነበር፤ ለዚህ ነው ያልጨመርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያበዛበት። እማማ እስከ ዛሬ ይገርማታል።”

በመጀመሪያው ዓመት ሻይ ሲሰጠኝ “ይሄ ነገር ስኳር የለውም እንዴ?” ብዬው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። መራራውን ሻይ አንጠፍጥፌ ጨረስኩት።

ከእረፍት በኋላ ሁለት ገባብን። “ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?” አለችኝ። “ዛሬ ይሻላሉ” አልኳት። ባቡር እንዳያመልጣት ቀደም ብላ ተነሳች። “እርስዎ ይያዙት” ብላ ፔርሙዙን እጄ ላይ ትታልኝ ደረጃውን ወረደች። ወንበሩ ከኋላዋ ታጠፈ።

ፔርሙዙን ጉልበቴ መሃል ሸጉጬ ሰሌዳውን እጠብቅ ጀመር። ሰባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከውጤቱ በቀር የወጣ ነገር የለም። ተነሳሁና አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

“ሰውዬ፣ ተቀመጥ እንጂ!” አለ ከኋላዬ ባለ ቀይ ኮፍያው። “ሁለት ለዜሮ እየተመራን ምን ያስጨበጭብሃል?”

“ለክሊፎርድ ሆልሮይድ ነው።”

“እሱ ደግሞ ማነው?”

“ፔርሙዝ ነዋ።”

ሰውዬው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። “ሞተ እንዴ? መቼ?”

“ሐምሌ ላይ። አጨብጭበንለታል፤ አንተም አጨብጭበህለታል።” ከዚያ ሳላስበው አፌ ተናገረ። “እኔ ትሬቨር ሱግደን እባላለሁ። ስሜን ያዘው፤ ይሄ ሰሌዳ ፎቶ አያወጣም።”

“እሺ” አለና ዓይኑን ወደ ኳሱ መለሰ። የእሱን ስም ልጠይቀው አሰብኩ። ከኋላዬ ሲቀመጥ ግን ስንት ዓመቱ ነው። አፈርኩና ተቀመጥኩ።