የባሕር ዛፍ ዘይት ሽታ

ታምሲን የመጽሐፉን ሽፋን በፀጉር ማድረቂያ ታሞቃለች። አባቷ መርቭ ከታች ሆኖ፣ ይቺ ልጅ ፀጉሯን በቀን ስንቴ ነው የምትታጠበው እያለ ያጉረመርማል። የተለጣፊው ጠርዝ ሲላላ በጥፍሯ ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ ላጠችው፤ ከሥሩ የቀረውን ሙጫ ጥጥ በባሕር ዛፍ ዘይት ነክራ አሸችው። ሽፋኑ ጠራ። ክፍሉ ግን ጉንፋን የጣለው ሰው የሰነበተበት ይመስል ሸተተ።

ተለጣፊው የቢጫው ነው። በርኒ ከተማ ውስጥ ትልቁን የመጽሐፍ መደብር በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። በመላው አውስትራሊያ ስልሳ ምናምን ቅርንጫፍ አለው ይባላል፤ ሁሉም ፊታቸው ቢጫ ስለሆነ ቢጫው ሆኖ ቀረ። እዚያ የሚሸጥ መጽሐፍ ሁሉ ግንባሩ ላይ የቅናሽ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ክብ፣ ቢጫ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ ወደ ዱልሲ ትንሽ የመጽሐፍ ሱቅ መግባት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ታምሲን ላለፉት አራት ወራት ከቢጫው የገዛችውን ሁሉ እንዲህ እያጸዳች ነው ዱልሲ ሱቅ ይዛው የምትሄደው።

ዱልሲ ቫርኮ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ካትሊ ጎዳና ላይ ያለውን ሱቋን ከከፈተች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆናት። ታምሲን በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር፤ እናቷ ከሞተች በኋላማ እራቷን እዚያ የምትበላበት ቀን ሁሉ ነበር። ኤድንብራ የነፃ ትምህርት ዕድል ስታገኝ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፈችላት ዱልሲ ናት። የጋዜጣውን ቁራጭም ከባንኮኒው በላይ ሰቅላዋለች፦ "የከተማችን ልጅ ለዶክትሬት ወደ ስኮትላንድ"።

የካቲት ላይ ታምሲን ተመለሰች። ለእረፍት ነው አለች። እውነቱ ግን ትታው ነው የመጣችው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት የጻፈችውን ሦስት መቶ ገጽ ከፍታ አነበበችና አንዱንም ዓረፍተ ነገር እንደማታምንበት ገባት። በሁለተኛው ሳምንት የመልቀቂያ ቅጽ ሞላች። ይህን በርኒ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ አባቷም።

ባለፈው ሳምንት ዱልሲ ወደ ጓዳ ጠርታት፣ ጉልበቴ እየከዳኝ ስለሆነ ሰኔ ሲያልቅ እተዋለሁ፣ ሱቁን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም፣ አንቺ ያዢው አለቻት። ትምህርትሽን ከዚህ ሆነሽ ትጨርሻለሽ፣ ዶክተር ያለው የመጽሐፍ ሱቅ ሜልበርንም የለ ብላ ሳቀች። መልሱን ረቡዕ፣ ከንባብ ቡድኑ በኋላ ትጠብቃለች። ታምሲን ሱቁን ትፈልገዋለች። ኤድንብራ ሳለች በሌሊት ሲጨንቃት በሐሳቧ የምትዞረው በእነዚያ መደርደሪያዎች መካከል ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ቡድኑ ሰባት ሰው ነው፤ ዱልሲ ራሷ፣ ታምሲንና አምስት ጡረተኞች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ውጭ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን በመስታወቱ ላይ ይወረውረዋል። ዱልሲ ሻይ ልታፈላ ጓዳ ስትገባ፣ ድሮ ነርስ የነበረችው ግሌኒስ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ነገሩን አነሣች። ቢጫው ፎቁ ላይ ያለውን ክፍል ለንባብ ቡድኖች በነፃ እሰጣለሁ ብሏል፤ ማሞቂያ አለው፣ ሊፍት አለው፣ የአቶል ዳሌ ደግሞ እዚህ በር ላይ ያለውን ደረጃ አልቻለም።

አቶል ዕድሜውን ሙሉ የወረቀት ፋብሪካ የሠራ፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ዳሌዬን ተዪው አላት። እነዚያ ሰዎች መጽሐፍና ሳሙና አይለዩም፣ ዱልሲ ግን ምን እንዳነበብክ፣ ምን እንደጠላህ፣ የቱ ጋ እንደተኛህ ታውቃለች ብሎ ሞገተ።

"የቢጫውን ሻጭ ስለ ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚያወራ መጽሐፍ አለ ወይ ብለው፣ የቤት እንስሳት መደርደሪያ ጋ ወስዶ አቆመኝ" አለ።

"ቆይ፣ አንተ እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ?" አለች ግሌኒስ።

"ለሽንት።"

ሳቁ። ከዚያ በየተራ ስለ ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ጥቅም ተናገሩ። አንዷ፣ ዱልሲ ብትዘጋ ካትሊ ጎዳና የጥርስ ሐኪምና የስልክ መሸጫ ብቻ ይሆናል አለች። ሌላው፣ የልጅ ልጁን የማንበብ ፍቅር ያስያዘቻት ዱልሲ መሆኗን አስታወሰ። ግሌኒስም ብትሆን፣ እኔ እኮ ስለ ማሞቂያው ነው እንጂ ልቤ እዚህ ነው አለች። ይህን ሁሉ ታምሲንም ታምናለች፤ ከሁሉም አስበልጣ ታምናለች። መጽሐፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ ይዛዋለች።

ዱልሲ ላሚንግተን ኬክ በሳህን ይዛ ወጣች። ክቡ መካከል ስትደርስ ቆመችና አየሩን አሸተተች።

"ሁላችሁንም ጉንፋን ይዟችኋል እንዴ?"

ግሌኒስ፣ ወቅቱ ነው አለችና ሳል የሚመስል ነገር ሳለች። አቶልም ሳለ። ዱልሲ ሳህኑን አስቀመጠችና ቅርብ የነበረውን የታምሲንን መጽሐፍ አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መልሳ አስቀመጠችው። የግሌኒስን አነሣች። የአቶልን ስታነሣ አቶል ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የተለጣፊ ሙጫ በምን እንደሚለቅ የማያውቅ አልነበረም፤ ያን ዘዴ ከዓመታት በፊት ለቡድኑ ያስተማረችው ራሷ ዱልሲ ናት፤ ከጨረታ የሚመጡ አሮጌ መጻሕፍትን ስታጸዳ።

ከባንኮኒው ጀርባ ገባች። ስትመለስ ስድስት መጻሕፍት ታቅፋለች፤ ለቡድኑ አዝዛ ማንም ያልወሰደው የወሩ መጽሐፍ ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የአባሉ ስም የተጻፈበት ወረቀት ብቅ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ግሌኒስ። አቶል። ታምሲን። ሁሉም።

"ከቤተ መጻሕፍት የምትዋሱ መስሎኝ ነበር" አለች። "ጥሩ ነገር ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሰው ይፈልጋል ብዬ።"

ግሌኒስ ስለ ጡረታ አበል ጀመረች። ዱልሲ አላስጨረሰቻትም፤ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር፣ ተዪው አለቻት። ከልቧ ነበር፤ ያ ደግሞ ባሰባቸው። ስለ መጽሐፉ ሃያ ደቂቃ ያህል ተወያዩ፤ ማንም የማንንም ሐሳብ አልተቃወመም፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ኬኩን የነካው የለም። ሲወጡ አቶል በስሙ የተቀመጠለትን መጽሐፍ ገዛ። አሁን ሁለት አለው። በሩ ላይ ያለውን ደረጃ ሲወርድ ማንም እንዲደግፈው አልፈቀደም።

ታምሲን ወንበሮቹን መደርደር ጀመረች።

"ተዪው፣ ተቀመጪ" አለች ዱልሲ። "እነሱ በገንዘብ ምክንያት ነው። አንቺ ግን በገንዘብ አይመስለኝም። ከእኔ የምትወስጂውን በመጣበት ዋጋ ነው የምሰጥሽ፣ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ንገሪኝ። እዚህ ያጣሽውን ምን አገኘሽ እዚያ?"

ታምሲን አንድ ሁለት ውሸት በልቧ ሞከረች። ሰዓቱ አልተመቸኝም። በአጋጣሚ ነው። ሁለቱም ምላሷ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ሞቱ።

"እዚያ የሚያውቀኝ የለም" አለች።

"ምን ማለት ነው?"

"ገብቼ፣ መጽሐፍ አንሥቼ፣ ከፍዬ እወጣለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ቀና ብላ እንኳን አታየኝም። እዚህ ስገባ ግን…" ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን የጋዜጣ ቁራጭ በአገጯ አመለከተች። "ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ፣ ዱልሲ። በሩ ሲከፈት ገና።"

ዱልሲ መነጽሯን አወለቀች። መነጽሩን በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ አላደረገችውም።

"እሺ" አለች። "አራት ወር ሙሉ በሻይና በብስኩት መሀል የጠየቅኩሽን አሁን በደንብ ልጠይቅሽ። ትምህርቱ እንዴት ነው?"

"ትቼዋለሁ።"

"ለጊዜው?"

"ለጊዜው አይደለም። ፈርሜ ነው የወጣሁት። ጥር ላይ።"

ዝናቡ ቆም ብሎ ነበር፤ እንደገና ጀመረ። ታምሲን የሆነ ነገር ጠበቀች፦ እቅፍ፣ ወይም ቁጣ፣ ወይም ደግሞ አሮጊቷ ሁሌም የምትለውን ዓይነት ቀልድ። ዱልሲ ግን ተነሥታ መሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ ወጣችና የጋዜጣውን ቁራጭ አወረደችው። አልቀደደችውም። መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

"ለመርቭ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"አባትሽ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ቆሞ ስላንቺ ያወራል። ሰው በገባ ቁጥር። ዓሣ ሊሸጥ ብቅ ያለውን ሰው እንኳን ሳያወራለት አልለቀቀውም።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው አታልዬ አላውቅም። መጥፎ መጽሐፍ መጥፎ ነው እላለሁ፣ እየተሸጠም ቢሆን። አሁን ግን አባትሽ ሲመጣ ምን ልበለው?"

ታምሲን ስለ ሱቁ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ያ ያለፈው ሳምንት ቃል አሁንም አለ ወይ፣ ልትል። አፏ ድረስ መጣና መለሰችው። የመጠየቅ መብት ያላት አልመሰላትም። ደግሞም ወደ ቢጫው የሸሸችው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቀዋለች፤ እዚህ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ መታወቅ ነው ሥራው። በር በተከፈተ ቁጥር።

"መልሴን ትፈልጊ ነበር፣ ዛሬ" አለች በመጨረሻ።

"ዛሬ ከአንቺ ምንም አልፈልግም" አለች ዱልሲ። በክፋት አይደለም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነበር። "አባትሽ የመስቀለኛ ቃላት መጽሔቱን ሊወስድ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ትናንት ሳይደርስለት ቀርቶ ነው። እዚህ ከመድረሱ በፊት አግኝተሽ ንገሪው።"

ታምሲን ኮቷን ደረበች። በስሟ የተቀመጠው መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ ልታነሣው እጇን ሰደደችና ተወችው። አሁን ብትገዛው ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ካትሊ ጎዳና ላይ ሰው የለም። ታች ወደቡ ጋ የተከመረው የእንጨት ፍቅፋቂ በዝናቡ ጠቁሯል። አባቷ ከዳገቱ እየወረደ ነበር፤ በአንድ እጁ ቆቡን ይዞ፣ ከነፋሱ ጋር እየታገለ። ከሩቅ ሲያያት እጁን ሊያውለበልብ ከቆቡ አነሣ፤ ቆቡ በረረ። ሮጦ ያዘው። ደርሳ ከፊቱ ስትቆም እየሳቀ ነበር።

"ምነው ፊትሽ? ቡድኑ ተጣላ እንዴ?"

"አባዬ፣ አንዴ ቁም።"

"ዝናብ ላይ? ዱልሲ ጋ እንግባና…"

"አይ። እዚሁ።"

አያት። ቆቡን ሁለት ጊዜ አራገፈና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው፤ ቆመ።